አባቴ፣ ልጄና የቁም ሙታኑ

ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካበቀልኩ በኋላ ስለሆነ፣ አማርኛዬ እዚህም እዚያም ቢንሻፈፍ እንደ ልጃችሁ አይታችሁ እለፉኝ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት እናት ቢሮዬ መጥተው ቁጭ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ ሌሊት ሌሊት ሙታን ያያል» አሉኝ። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ነኝና ደነገጥኩ። እንቅልፍ ይነሣዋል ወይ? ድምፅ ይሰማኛል ይላል ወይ? ለብቻው ያወራል ወይ? እያልኩ ወረቀቴን አውጥቼ መጠየቅ ጀመርኩ። እናትየው ትዕግሥታቸው አለቀና «ኧረ በስልኩ ነው የሚያያቸው! ሬሳ ከመቃብር ተነሥቶ ሰው ይበላል። የኔው ልጅ ደግሞ እሱን እያየ እራቱን ይበላል» አሉኝ።

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። እሳቸው አልሳቁማ። «ዞምቢ ነው የሚሉት። ኦሪት ሙታን ሳቢን ከልክላለች፣ ይህ ምኑ ነው? ከየት አመጡት? ለምንስ እንዲህ ይወዱታል?» አሉ። ያን ቀን የሰጠኋቸው መልስ አጭር ነበር፤ ከበሩ ውጪ ሌላ ሰው ይጠብቀኝ ነበርና። ረጅሙን መልስ እሳቸውንም አባቴንም አስፈቅጄ እዚህ ልጻፈው።

ዞምቢ ማለት ሞቶ የተነሣ፣ ነገር ግን ነፍስና ልቡና ያልተመለሰለት ሰው ነው። ይሄዳል፣ ያቃስታል፣ ይርበዋል፤ ወንድሙን ቢያገኝ ወንድሙን አያውቅም። የነከሰው ሰው ይሞትና እሱም እንደዚያው ሆኖ ይነሣል። በፊልሞቹ ላይ ይህ መዓት በጥቂት ቀን አገር ያዳርሳል። መንግሥት ይፈርሳል፣ መብራት ይጠፋል፣ የተረፉት ጥቂቶች ቦርሳቸውን አንግተው መንገድ ይወጣሉ። ዋናው ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ቃሉ የመጣው ከሃይቲ ነው። ፈረንሳዮች ከአፍሪካ ሰው እያጋዙ በሸንኮራ እርሻ ላይ በባርነት ያሠሩበት አገር ነበር። ባሪያዎቹ በ1791 ተነሥተው ተዋጉ፤ በ1804 ነጻ መንግሥት አቆሙ። የሃይቲ ሰው የሚያውቀው ዞምቢ ሰው አይበላም። ጠንቋይ ከመቃብር አውጥቶ እርሻ ላይ ያለ ደመወዝ፣ ያለ ዕረፍት የሚያሠራው ምስኪን ነው። ሰው የሚፈራው ዞምቢ ያገኘኛል ብሎ ሳይሆን ዞምቢ ያደርጉኛል ብሎ ነው። አስቡት፤ ዕድሜውን በሙሉ ለሰው ሲቆፍር የኖረ ባሪያ የቀረው ዕረፍት ሞት ነበር። ሞቶም ወደዚያው እርሻ የሚመልሱት ከሆነ ምን ቀረው? ጨው ከቀመሰ ግን ይነቃል ይላሉ። መሞቱን ያስታውስና በእግሩ ወደ መቃብሩ ይመለሳል። ይህን ለአባቴ ስነግራቸው ከሁሉ የወደዱት የጨውን ነገር ነው። «ጨውማ ጨው ነው» አሉ።

አሜሪካ ከ1915 እስከ 1934 ሃይቲን በጦር ይዛ ስትቆይ ወሬው ባሕር ተሻገረ። በ1929 ዊልያም ሲብሩክ የሚባል ጸሐፊ በመጽሐፉ አወራው፤ በ1932 ፊልም ተሠራ። ከዚያ ወዲህ የባርነቱ ነገር እየደበዘዘ ሄዶ አስፈሪው ሬሳ ብቻ ቀረ። የዛሬዎቹ ልጆች የሚያዩትን ዓይነት የፈጠረው ደግሞ ጆርጅ ሮሜሮ የሚባል ወጣት ነው። በ1968 ከጓደኞቹ ጋር በፒትስበርግ አካባቢ በ114,000 ዶላር ገደማ በጥቁርና ነጭ አንድ ፊልም ሠራ። ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የሕያዋን ሙታን ሌሊት» ማለት ነው። ሊከፋፈል ሲል ስሙ ተቀየረ፤ በዚያ ግርግር የባለቤትነት ምልክቱ ሳይጻፍበት ቀረ፤ በጊዜው ሕግ ደግሞ ያ ማለት ማንም እያባዛ ሊያሳየው ይችላል ማለት ነበር። ሮሜሮ ብዙ ገንዘብ ቀረበት፤ ፊልሙ ግን ዓለምን አዳረሰ። ስለዚህ ፊልም መጨረሻ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ቤቴ።

ሞጻኤ ሻባት ነበር። አባቴ ሰንበትን ከእኛ ጋር ውለው ሳሎን ተቀምጠዋል። የ16 ዓመቱ ልጄ ሳያስፈቅድ «ዘ ላስት ኦፍ አስ» የሚባለውን ተከታታይ ፊልም ከፈተ። በ2013 እንደ ጨዋታ ወጥቶ በ2023 ለቴሌቪዥን የተሠራ ነው። በዚህኛው ሰውን ዞምቢ የሚያደርገው ሻጋታ ነው። ሻጋታው ከመሬት የተፈጠረ ወሬ አይደለም፤ ጉንዳን ውስጥ ገብቶ ጉንዳኗን እንደፈለገ የሚነዳ ዓይነት በእውነት አለ። ሰው ላይ ግን አይደርስም፤ አትፍሩ።

አባቴ ዕብራይስጥ ሲነገር ይሰማሉ፣ ሲጻፍ ግን አይከተሉትም። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ነው፣ ከሥሩ የሚያልፈው ጽሑፍ በዕብራይስጥ። ልጄ ደግሞ አማርኛው «ደህና ነኝ፣ ጠገብኩ» ላይ ያበቃል። ስለዚህ መሐል ተቀምጬ ተርጓሚ ሆንኩ፤ ልጅ እያለሁ በየቢሮው ለወላጆቼ እንደማስተረጉመው ማለት ነው። ያኔ የመብራት ሒሳብ ነበር፣ አሁን ሬሳ።

የአባቴ የመጀመሪያ ቅሬታ የንጽሕና ነበር። «በነካካበት እጁ እኮ ነው የቆረሰው! እኛ አገር ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ተለይቶ ይቀመጥ ነበር። እነዚህ ሰባት ደቂቃም አልቆዩ።» ቀጥለው ዝም አሉና «እና እነዚህ ሰዎች ሬሳ ይበላሉ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ሬሳዎቹ ናቸው ሰው የሚበሉት፣ አባ።»

«ያው ነው። ይህን ስም እኮ እኛን ነበር የሚጠሩበት።»

ብዙዎቻችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። አባቴ ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መጥረቢያውን ለአካባቢው ሰው ሁሉ የሚሠሩት እሳቸው ናቸው። ቀን ማረሻ አሠርቶ የሄደ ጎረቤት ልጁ ሲታመምበት ማታ «ቡዳ በላብኝ» ይላል። እነሱ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ፣ መቃብር ይቆፍራሉ፣ ሬሳ አውጥተው ይበላሉ ይባላል። አንድ ጊዜ የአንድ ሰው ልጅ ሞተና አባቴና እናቴ ሦስት ሌሊት በር ዘግተው፣ እሳት አጥፍተው ተቀመጡ። ውጪ ችቦ የያዙ ሰዎች ይዞሩ ነበር። ይህን ሁሉ ለልጄ ተረጎምኩለት። ፊልሙን አቆመና «ማለት፣ ዞምቢዎቹ እነማን ናቸው? ውስጥ ያሉት ወይስ ውጪ ያሉት?» አለ። አባቴ ሲተረጎምላቸው ሳቁ። «እሱን ነው እኔም የምለው» አሉ።

ያኔ ነው የሮሜሮን ፊልም መጨረሻ የነገርኳቸው። ሰባት ሰዎች አንድ የእርሻ ቤት ውስጥ ተከበዋል። ከሁሉም ልባም የሆነው ቤን የሚባል ጥቁር ሰው ነው፤ ዱዋን ጆንስ የሚባል ተዋናይ ነው የሠራው። በሩን በጣውላ ይመታል፣ ሌሎቹን ያረጋጋል። ሌሊቱን ሙሉ ተዋግቶ፣ ሁሉም አልቀው እሱ ብቻ ተርፎ ይነጋል። ጠዋት መሣሪያ የታጠቁ ሰዎች ዞምቢ እየገደሉ ይመጣሉ። ቤን ድምፃቸውን ሰምቶ በመስኮት ብቅ ይላል። ከሙታኑ አንዱ መስሏቸው ግንባሩን ይሉታል። ከዚያ በሥጋ መንጠቆ ጎትተው ከሬሳዎቹ ጋር ያቃጥሉታል። ፊልሙ አለቀ። ዓመቱ ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደሉበት ዓመት ነበር።

አባቴ ምንም አላሉም። ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ አልነኩትም።

የዚህ ዓይነቱ ፊልም ትልቁ ጥፋቱ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ልጆቻችንን ባስጠነቅቅ የማስጠነቅቀው ስለ ደሙ ሳይሆን ስለዚህ ነው። ውጪ ያለው ሕዝብ ሁሉ ሰው መሆኑ ቀርቷል፣ ብትገድለው ኃጢአት የለውም ይላል። ሮሜሮ ግን ይህን የተረዳ ይመስለኛል። ብዙዎቹ ተከታዮቹ አልተረዱትም። በ2013 የወጣውን ብራድ ፒት የሠራበትን «ወርልድ ዋር ዚ» ያየ ልጅ ካለ ጠይቁት። ኢየሩሳሌም በረጅም ግንብ ታጥራ ትታያለች፤ የቀረጿት ማልታ ሄደው ነው። በሩ ላይ ከውጪ የሸሸውን ሁሉ ያስገባሉ፣ ሰው በደስታ ይዘምራል፣ ድምፁን የሰሙት ሙታን እንደ ጉንዳን ተደራርበው ግንቡን ይወጣሉ። ሲኒማ ቤት ሳየው አጠገቤ ያሉት ይስቁ ነበር። እኔ በሩን ነበር የማየው፤ የሚያስገቡትን ሰዎች።

ታዲያ ለምን ይወደዳል? «ዘ ዎኪንግ ዴድ» የሚባለው ብቻ ከ2010 እስከ 2022 ድረስ 177 ክፍል ታይቷል። ለሬሳ ብቻ ሲባል ይህን ያህል ዘመን የሚቀመጥ ሰው የለም። አንዱ ምክንያት ዞምቢ ባዶ ዕቃ መሆኑ ነው፤ ዘመኑ የፈራውን ያኖርበታል። በሃይቲ ባርነት ነበር። ሮሜሮ በ1978 ሁለተኛውን ፊልም ሲሠራ ሙታኑን የገበያ አዳራሽ ውስጥ አስገባቸው፤ ከሞቱም በኋላ በልማድ ወደዚያ እየመጡ ያለ ሐሳብ ይዞራሉ። ዓርብ ጠዋት ካንዮን የገባ ሰው ቀልዱ ይገባዋል። ከ2000 ወዲህ ደግሞ ወረርሽኝ ሆነ። በ2011 የአሜሪካ መንግሥት የበሽታ መከላከያ ተቋም ራሱ «ለዞምቢ መዓት እንዴት ትዘጋጃላችሁ?» ብሎ ጻፈ፤ ውሃ፣ ምግብ፣ መድኃኒት፣ ባትሪ አስቀምጡ አለ። እኛን ፒኩድ ሃኦሬፍ ማማድ ውስጥ አስቀምጡ ከሚለን የተለየ አይደለም። ስለ ጎርፍ ሲነገር የማይሰማው ሕዝብ ስለ ዞምቢ ሲባል ተሯሩጦ ገጹን አጨናነቀው። በኮሮና ጊዜም የአሜሪካና የዴንማርክ ተመራማሪዎች 300 ያህል ሰዎችን ጠይቀው ውጤቱን በ2021 አሳትመዋል። አስፈሪ ፊልም የሚወዱት ጭንቀታቸው ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ዓለም ሲፈርስ የሚያሳየውን ዓይነት የሚያዩት ደግሞ የበለጠ ተዘጋጅተው ነበር። ፊልሙ ነው ያጠነከራቸው ለማለት አይቻልም፤ ለማንኛውም ያበዱ አልነበሩም።

ቢሮዬ ለመጡት እናት የነገርኳቸው ይህንኑ ነው። የሰባትና የስምንት ዓመት ሕፃን ይህን ማየት የለበትም፤ ክርክር የለውም። ትልቁም ቢሆን እንቅልፍ ካጣ፣ ጓደኛ ከሸሸ፣ ሲሬን ሲሰማ ከቀድሞው የበለጠ የሚርድ ከሆነ ኑ እንነጋገር። ከዚህ ውጪ ጋኔን የለም።

ሌላው ምክንያት ግን በሥራዬ ያየሁት ነው። ወጣቶች አንድ ጨዋታ አላቸው፤ «ዞምቢ ቢመጣ ከማን ጋር ትሸሻለህ?» ይባባላሉ። ከወጣቶች ጋር በምቀመጥበት አንድ ቡድን ውስጥ ወራት ሙሉ አፉን ያልከፈተ ልጅ ነበር። ይህ ጥያቄ ሲነሣ ግማሽ ሰዓት ተናገረ። ማን ሾፌር ይሁን፣ ማን ሐኪም፣ ማን ዘብ ይቁም፣ ሁሉን ደልድሎታል። ለካ እያንዳንዱን ጓደኛውን ልብ ብሎ ሲያይ ኖሯል። ይህ ጨዋታ በትምህርት ቤት የሚሰጠውን ነጥብ ሁሉ ያጠፋዋል፤ ማን ሀብታም ነው፣ የማን ዕብራይስጥ ያምራል፣ የማን አባት ምን ይሠራል የሚለው ሁሉ ዜሮ ይገባል። ከዜሮ ለሚጀምር ዓለም የሚጓጓው ደግሞ በዚህኛው ዓለም ወደ ኋላ የቀረሁ የሚመስለው ልጅ ነው።

«አባትህንስ?» አልኩት።

«እወደዋለሁ» አለ። «ግን አልወስደውም። ቋንቋ አይችልም፣ መንገድ አያውቅም። ያዘገየኛል።»

ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። በሙያዬ ዝም ማለት ተምሬአለሁና ዝም አልኩ። ያ መልስ ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

በሚቀጥለው ሞጻኤ ሻባት አባቴ ራሳቸው «ያን ክፈቱት» አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጆኤል የሚባል ጎልማሳ ኤሊ የምትባል የ14 ዓመት ልጅ ይዞ አሜሪካን ያቋርጣል። አባቴ ሬሳዎቹን ማየት ትተው ሰዎቹን ማረም ጀመሩ። «በቀን ለምን ይሄዳሉ? ቀን ተኝቶ ሌሊት ነው እንጂ።» «እሳት አነደዱ? በዚህ ሜዳ ላይ? ጭሱን ማን ያጠፋላቸዋል?» «ልጅቷ ለምን ትናገራለች? ልጅ በእንዲህ ያለ መንገድ አይናገርም።» «ያ መንገድ መሪ አያምረኝም፤ ግማሹን ገንዘብ ያዝበት በለው።» ልጄ አፉን ከፍቶ አያቱን ያይ ጀመር። በዕብራይስጥ «ሳባ ይህን ሁሉ ከየት ያውቃል?» አለኝ።

ከየት ያውቃል! በ1984 ነው ከመንደራችን ወጥተን ወደ ሱዳን የተጓዝነው። እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ልጄ ታሪኩን በትምህርት ቤት በዓመት አንድ ቀን ይሰማዋል፤ ዘመቻ ሙሴ፣ ይህን ያህል ሺህ ሰው፣ ይህን ያህል አውሮፕላን። ጭስ እንዴት እንደሚደበቅ ግን ማንም አልነገረውም። እኔም አልነገርኩትም።

ከዚያ የሁለቱ ወንድማማቾች ክፍል መጣ። ታላቁ ሄንሪ ይባላል፤ ታናሹ ሳም የስምንት ዓመት ልጅ ነው፣ ጆሮው አይሰማም። ሳም ተነክሷል፤ ለኤሊ ብቻ ያሳያታል። ሲነጋ ተለውጦ ይነሣና ሊገድላት ይታገላታል። ሄንሪ በገዛ እጁ ወንድሙን ይተኩስበታል፤ ወዲያው ራሱን ይገድላል። በዚህ ዓይነት ፊልም ሁሉ ውስጥ ይህች ቦታ አትቀርም። የራስህ ሰው ታመመ፣ ከቆምክ ታልቃለህ፣ ምን ታደርጋለህ? ሌላው ሁሉ ለእሷ ማሟያ ነው።

አባቴ «ልጁ ሞቶ ነበር?» አሉኝ።

«አዎ፣ ሰውነቱ ቀርቷል።»

«እሷ ግን አልሞተችም ነበር» አሉ።

ማን እንደሆነች ለመጠየቅ ጊዜ ፈጀብኝ። ታናሽ እህታቸውን ነበር። አክስትህ ሱዳን ሰፈር ውስጥ በበሽታ ሞተች ተብዬ ነው ያደግሁት፤ በመንገድና በሰፈሩ 4,000 ያህል ሰው እንደቀረ ይነገራልና ጠይቄም አላውቅ። ለካ ሰፈሩ ድረስ አልደረሰችም። ድንበሩ ሁለት ሌሊት ሲቀረው ወባ ጣላት። መሪዎቹ ሳይነጋ እንሂድ አሉ። አባቴ እኔን ተሸክመዋል፣ እናቴ ሕፃን አዝላለች። «ሂዱ፣ ውሃ ተዉልኝ» አለች። አንድ ቅል ውሃና ጋቢያቸውን ትተውላት «ልጆቹን አድርሼ እመለሳለሁ» አሏት።

«አልተመለስኩም» አሉ አባቴ። ሱዳን ከገቡ በኋላ መውጫ አልነበረም፤ ይህን እኔ ነኝ የምጨምረው፣ እሳቸው አላሉትም። በየዓመቱ በመታሰቢያው ቀን ሄርዝል ተራራ ስንሄድ አባቴ ከሰው ራቅ ብለው ይቆማሉ። ፀሐዩ ይሆናል እል ነበር።

ይህን ለልጄ መተርጎም ነበረብኝ። እንደ ተርጓሚ ብዙ ከባድ ነገር አስተርጉሜአለሁ፤ የፍርድ ቤት፣ የሆስፒታል። ያን ሌሊት ግን ዕብራይስጡ ጠፋኝ። እንደምንም ብዬ ጨረስኩ። ልጄ «አዝናለሁ» ይላል ብዬ ስጠብቅ «ስሟ ማን ነበር?» አለ።

አላውቀውም ነበር። 40 ዓመት ሙሉ «አክስትህ» ነበረች። አባቴ ስሟን ነገሩት። እዚህ አልጽፈውም፤ ልጄ ግን ሁለት ጊዜ ደግሞ ደግሞ ጠራው፣ ሲሳሳት አባቴ አረሙት።

ከዚያ በኋላ ስለ እሷ ብዙ አልተነጋገርንም። በሦስተኛው ቀን ልጄ «ዞምቢ ቢመጣ መጀመሪያ ሳባን ነው የምወስደው» ብሎ ለጓደኞቹ ሲነግር በበሩ በኩል ሰማሁት። አንዱ ሳቀበት። ልጄ ስለ ጭስ ያስረዳው ጀመር፤ ግማሹን ተሳስቶታል።

ሐሙስ ዕለት ሥራ ላይ እያለሁ አባቴ ደወሉ። ደም ግፊታቸው መስሎኝ ስብሰባ ጥዬ ወጣሁ።

«ያቺ ልጅ ደረሰች?» አሉኝ።

«የትኛዋ ልጅ?»

«ሰውየው ይዟት የሚሄደው።»

«ገና ነው፣ አባ። ገና አራት ክፍል ይቀራታል።»

«እንግዲያው ሳልመጣ እንዳታዩ» ብለው ዘጉት።